እንዶዱ አልገደለም ላልሽው እህቴ

የደረቀ የእንዶድ ዱቄት በሜታኖል (የአልኮል ዓይነት ነው) ዘፍዝፈሽ፣ አጥልለሽ ያወጣሽው ነገር የቢልሃርዚያን ትል የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ምንም እንዳላደረጋቸው ጽፈሽ «የእንዶድ ዝና ወሬ ብቻ ይሆን?» ብለሻል። አይደለም፣ እህቴ። እኔም እዚሁ ባሕር ዳር የመመረቂያ ሥራዬን ስሠራ ይኸው ገጥሞኝ ሁለት ወር ሙሉ ተንከራትቻለሁ።

ችግሩ ሜታኖሉ ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን፣ ያ አረፋ የሚያወጣው ንጥረ ነገር፣ ሁለት ቦታ ላይ ስኳር ተያይዞበት ስለሚቀመጥ ቀንድ አውጣ አይገድልም። ፍሬው በቀዝቃዛ ውሃ ሲወቀጥ ግን የራሱ ኢንዛይም አንዱን ወገን ስኳር ይቆርጥለታል፤ ለማቶክሲን የሚባለው ገዳይ ንጥረ ነገር የሚገኘው ያኔ ነው። ሜታኖል ኢንዛይሙን ያስቆመዋል፣ የፈላ ውሃም እንደዚያው። የእንዶድን ቀንድ አውጣ ገዳይነት ያገኙት ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ያዩት ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ነበር። እናቶቻችን በውሃ ወቅጠው፣ በውሃ አሽተው ነው የሚያጥቡበት፤ ትክክለኛው አወጣጥ በእጃቸው ነበር። ስለዚህ ያልበሰለውን አረንጓዴ ፍሬ አድርቀሽ ፍጪውና በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈሽ አሳድሪው።

አቆጣጠሩም ያሳስታል። ቀንድ አውጣ መርዝ ሲሸተው ቅርፊቱ ውስጥ ገብቶ ዝም ይላል፤ እኔ በ24 ሰዓት «ሞተ» ብዬ የመዘገብኩት ንጹሕ ውሃ ሳገኝለት ተነሥቶ መሄድ ጀመረ። ከ24 ሰዓት በኋላ እጠቢያቸው፣ ሌላ 24 ሰዓት በንጹሕ ውሃ አቆዪያቸው፣ ከዚያ በማይክሮስኮፕ የልብ ምታቸውን አይተሽ ቁጠሪ። እንዶድ ያልነካው ማነጻጸሪያም ከዚያው ከጣና ውሃ ይሁን፤ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ብቻውን ይገድልብሻል።

ከጎኑ የቆሮሶ ዓሣ ጫጩትም በእንዶዱ ውሃ ሞክሪ። እንዶድ ዓሣም ይገድላል፤ በታንኳ ወጥቶ መረብ የሚጥል ሰው ቤተሰቡን የሚያኖረው በዚያ ዓሣ ስለሆነ፣ ማንም ቢለምንሽ ባሕሩ ዳር እንዳትደፊው። ደግሞ ዘመዶችሽ «ልጁ ይጠጣው?» ይሉሻል፣ እኔን ብለውኛል። እባክሽ እንዳትፈቅጂ! እንዶዱ የሚገድለው ቀንድ አውጣውን ነው፤ በልጁ ደም ሥር ውስጥ ላለው ትል ጤና ጣቢያ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለ።