በሽተኛው ከዓመት በኋላ የት ደረሰ?

ሐዋሳ ላይ ሬዚደንቶችና የሕክምና ተማሪዎች ሲያገኙኝ ሁለት ነገር ይጠይቁኛል። አንዱ «ዶክተር፣ የደም ቧንቧ ቀዶ ሕክምና ብገባ ያዋጣኛል?» የሚል ነው። ሌላው «ምርምር ልሠራ ነው፣ እስቲ ርዕስ ይስጡኝ» የሚል። ለመጀመሪያው መልሴ አጭር ነው፤ ግቡበት፣ ሰው በጣም ያስፈልገናል። ሁለተኛው ግን ኮሪደር ላይ ቆሞ የሚመለስ አይደለም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩላችሁ።

ርዕስ ዎርዱ ውስጥ ሞልቷል። እኔ የምሰጣችሁ አንድ ጥያቄ ነው። ባሉን (የጠበበ ቧንቧ ውስጥ የሚነፋ ፊኛ) ሲገባም፣ ስቴንት (ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ የወንፊት ቱቦ) ሲቀመጥም፣ ባይፓስ (ደሙ የተዘጋውን ዞሮ የሚያልፍበት ቅያሪ መንገድ) ሲሠራም፣ መድኃኒት ሲታዘዝም ጠይቁት፤ ይህ ሰው ከዓመት በኋላ የት ደረሰ? በእግሩ ይሄዳል? ቁስሉ ደርቋል? እሱ ራሱስ በሕይወት አለ? የተዘጋ ቧንቧ ተከፍቶ ደም ሲያልፍ ስክሪን ላይ ማየት ደስ ይላል፣ እኔንም እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ግን የዚያን ዕለት ፎቶ ስለ ዓመቱ የሚነግራችሁ ጥቂት ነው።

ሐኪም ላልሆናችሁት በሽታውን፣ የእግር ደም ቧንቧ መጥበብን፣ ባጭሩ ላስረዳ። ከልብ ወደ እግር ደም የሚያደርሰው ደም ቅዳ ቧንቧ ግድግዳው ላይ ስብና ካልሲየም እየተጠራቀመ ይጠባል። ሰውየው ቁጭ ሲል ምንም የለውም። ሲራመድ ግን የባቱ ጡንቻ ተጨማሪ ደም ይፈልጋል፣ የሚመጣለት የለም፣ ባቱን ቀስፎ ይይዘዋል። ይቆማል፣ ትንሽ ያርፋል፣ ይለቀዋል፣ እንደገና ይሄዳል። ቤተሰቡ «እርጅና ነው» ወይም «ብርድ መቶት ነው» ይላል፤ ብዙ ጊዜ ወደ እኛ የሚመጣው ጣቱ ከጠቆረ በኋላ ነው። ሲጋራ፣ ስኳር፣ ግፊትና ኮሌስትሮል ዋናዎቹ መንስኤዎች ናቸው።

ከዚያ የሚከፋው ሌሊት ሌሊት የሚያመው ነው። እንዲህ ያለውን በሽተኛ ከበሩ ላይ ሆናችሁ ልትለዩት ትችላላችሁ። ሌላው ሰው ተኝቷል፣ እሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አንድ እግሩን ቁልቁል አንጠልጥሏል። እግሩ ሲንጠለጠል ደሙ በክብደቱ ይወርድለታልና ሕመሙ ጋብ ይላል። የተንጠለጠለው እግር ይቀላል፣ ያላወቀ ሰው «ደህና ደም አለው» ይላል። አስተኙትና ከፍ አድርጉት፣ ነጭ ሲሆን ታያላችሁ። እንግዲህ ካልሲውን አስወልቁ። ጣታችሁን እግሩ ጀርባ ላይ፣ ወደ አውራ ጣቱ ከሚሄደው ጅማት በውጭ በኩል አሳርፉና የቧንቧውን ትርታ ፈልጉ። አትጫኑ፣ ከተጫናችሁ የምትሰሙት የራሳችሁን ጣት ትርታ ነው። ታገሱ። ካጣችሁት በውስጥ በኩል ከቁርጭምጭሚቱ ኋላ ፈልጉ። ብር አያስወጣም፣ መብራት ቢጠፋም ይሠራል፣ ግን በየራውንዱ የሚዘለል ነገር ነው።

ቀጥሎ መለካት ነው። የቁርጭምጭሚቱን የደም ግፊት የላይኛውን ቁጥር ለክንዱ የላይኛው ቁጥር ታካፍላላችሁ። 0.90 እና ከዚያ በታች ከሆነ በሽታው አለ። ከ1.40 በላይ ከሆነ ግን አትደሰቱ፣ ቧንቧው ካልሲየም ጠጥቶ ደርቆ ከካፉ (ከግፊት መለኪያው መጠቅለያ) በታች አልጨመቅም ብሎ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ቁጥሩ ደህና መስሎ እግሩ ሊበሰብስ ይችላል። ያኔ የአውራ ጣቱን ግፊት ለኩ።

አሁን ወደ ምርምሩ ልግባ። በጥር 1964 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) አሜሪካ ፖርትላንድ ውስጥ ቻርልስ ዶተር የሚባል የራዲዮሎጂ ሐኪም አንዲት የ82 ዓመት እናት አጋጠሙት። ጣታቸው ጋንግሪን ይዞት ነበር፣ እግራቸውን ቁረጡ ቢባሉ እምቢ አሉ። ዶተር በካቴተር (ቧንቧ ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ብቻ የጠበበውን የጭናቸውን ቧንቧ አሰፋው። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሠራው የባሉንና የስቴንት ሕክምና ከዚያ ነው የተነሳው። ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ሴትዮዋ እስኪሞቱ ድረስ ከሁለት ዓመት በላይ በገዛ እግራቸው መሄዳቸው ነው። ዶተር በሽተኛውን ተከታትሏል። ስለዚህ ነው ሥራው ማስረጃ የሆነው።

የክትትልን ዋጋ ይበልጥ ያስተማረን የፓክሊታክሴል ጉዳይ ነው። ቧንቧው ተመልሶ እንዳይጠብ በዚህ መድኃኒት የተቀባ ባሉንና ስቴንት ወጣ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውጤት ጥሩ ነበር። በ2018 መጨረሻ ግን ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንተና፣ በመድኃኒቱ የታከሙት ከሁለት ዓመት በኋላ በብዛት ይሞታሉ አለ። ዓለም ተናወጠ። በ2019 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ሐኪሞችን አስጠነቀቀ። ኋላ ላይ ሲጣራ ከየጥናቱ ብዙ በሽተኞች ጠፍተው ነበር፤ በሕይወት መኖር አለመኖራቸው ሳይታወቅ ነበር የተሰላው። የጠፉት እየተፈለጉ፣ አዳዲስ ጥናቶችም ሲጨመሩ ያ አስፈሪ ልዩነት እየሳሳ ሄደ። በ2023 መሥሪያ ቤቱ የሞት አደጋ መጨመሩን መረጃው አይደግፍም አለ። እነዚያ በሽተኞች መጀመሪያውኑ ባይጠፉ ኖሮ ያ ሁሉ ፍርሃት ይቀልልን ነበር።

ሌላም ልጨምር። እግሩ ሊቆረጥ ለደረሰ ሰው የራሱን ደም መልስ ቧንቧ ወስዶ ባይፓስ መሥራት ይሻላል ወይስ ባሉንና ስቴንት? በ2022 የወጣው ቤስት ሲ.ኤል.አይ. የሚባለው ጥናት ከ1,800 በላይ በሽተኞችን ይዞ፣ ጥሩ ደም መልስ ላላቸው ባይፓሱ ይሻላል አለ። በዓመቱ ቤዚል ሁለት የሚባለው ጥናት 345 በሽተኞችን ይዞ፣ ከጉልበት በታች ላለው በሽታ በባሉን መጀመር ይሻላል አለ። ወጣቶች ይህን ሲያዩ «ታዲያ ማንን እንመን?» ይሉኛል። ሁለቱንም እመኑ፣ ግን እነማን እንደገቡበትና ምን እንደተቆጠረ አንብቡ። ቤስት ሲ.ኤል.አይ. ከመቆረጥና ከሞት ሌላ እንደገና የተሠራን ትልቅ ሕክምናም እንደ ጉዳት ቆጥሯል፣ ቤዚል ሁለት መቆረጥንና ሞትን ብቻ። እኔን የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። በሁለቱም ውስጥ ከአፍሪካ አንድ ሆስፒታል የለም። የአለታ ወንዶ ገበሬ፣ የዲላ ነጋዴ እዚያ መረጃ ውስጥ የሉም። እነሱን የምታክሙት እናንተ ናችሁ፣ የሚጽፍላቸውም ከእናንተ ሌላ የለም።

ርዕስ ካላችሁኝ አይቀር፣ እግር ጉዞ ላይ ሥሩ። ሲራመድ ብቻ ለሚያመው ሰው (ቁስል ወይም የሌሊት ሕመም ላለበት አይደለም) የታዘዘ ጉዞ በደንብ የተፈተነ ሕክምና ነው። ሕመሙ ጠንከር እስኪል ይራመዳል፣ ይቆማል፣ ሲለቀው ይቀጥላል፤ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ በሳምንት 3 ጊዜ፣ ቢያንስ ለ12 ሳምንት። ከተማችን ሜዳ ናት፣ ሐይቁ ዳር መሄጃ አለ። ማንም ስለማይሸጠው ብዙ አይወራለትም። ቢሆንም አስፕሪኑና ስታቲኑ (የኮሌስትሮል መድኃኒቱ) አይቅር፣ ሲጋራውም ይቁም።

ስለ ሲጋራ ካነሳሁ፣ ይህ የሽማግሌ በሽታ ብቻ አይደለም። በርገር የሚባል በሽታ አለ፣ የሚያጨሱ ወጣቶችን ጣት ቧንቧ እየደፈነ የሚቆርጥ። ዋናው መድኃኒቱ ማጨስን ፈጽሞ ማቆም ነው፤ «ቀንሻለሁ» አይሠራም። ደግሞ እግር በድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከነጣ፣ ከደነዘዘ ነገ ይታያል አይባልም፤ እግሩን ለማዳን ያለው ጊዜ የስድስት ሰዓት ያህል ነው። እኛ አገር በሩማቲክ የልብ ሕመም የተያዙ ወጣት ሴቶች ላይ ከልብ የተነሳ የረጋ ደም እግር ቧንቧ ውስጥ ይወተፋል። ያንን ጎትቶ የሚያወጣውን ባሉን የሠራው ቶማስ ፎጋርቲ ገና ወጣት ሳለ የቀዶ ሕክምና ጓንት ጣት ቆርጦ፣ ዓሣ ማጥመጃ በሚታሰርበት አስተሳሰር ካቴተር ላይ አሰረው፤ በ1963 አሳተመው። የዓሣ ገበያችን አሞራ ገደል መረብ የሚጠግኑትን ሰዎች ጣት ያየ ይህ አይገርመውም።

አሁን ከነገ ጀምራችሁ ልታደርጉት የምትችሉት ነገር። በሽተኛው ከመውጣቱ በፊት ስልኩን ጻፉ። የልጁንም፣ የጎረቤቱንም ጨምሩ፣ ቀበሌውን በትክክል። በሽተኞቻችን የሚጠፉት ንቀት ይዟቸው አይደለም፤ የትራንስፖርት ብር ነው፣ የቡና ለቀማ ነው፣ የሚያመጣቸው ልጅ ሥራ ፍለጋ ሄዶ ነው። መምጣት ካልቻሉ እናንተ ደውሉ፣ በሦስተኛው ወር፣ በስድስተኛው፣ በዓመቱ። አማርኛ የማይችል ከሆነ ሲዳምኛ የሚያውቅ ጓደኛችሁ ይደውልላችሁ። «ደህና ነዎት?» ብላችሁ አትዝጉ፣ ሁሉም ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚላችሁ። ከቤት እስከ ገበያ ሳይቆም ይደርስ እንደሆነ፣ ቁስሉ ደርቆ እንደሆነ፣ መድኃኒቱ ካለቀ ምን እንዳደረገ ጠይቁ። ስልኩን ልጁ ካነሳው «አባትህን ስጠኝ» በሉት። ከራሱ ስሙ። ሞቷል ካሏችሁም አጽናኑ፣ መቼና እንዴት እንደሆነ በትሕትና ጠይቁና እሱንም መዝገቡ ላይ ጻፉት።