ጫማህን ስታስር የሚነሳው ሕመም

የጠያቂያችን ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ዶክተር፣ ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን 6 ዓመታችን ነው። ወገቧን ማመም ከጀመራት 4 ዓመት አለፈ። ኤምአርአይ ተነሳች፣ ብዙ ሐኪም ዘንድ ሄድን፤ ‹ይህን ያህል የሚያሳምም ነገር አይታይም› ይሉናል። ባለፈው ዓመት ደግሞ የሥነ አእምሮ ሐኪም ቦርደርላይን የሚባል የስብዕና መዛባት እንዳለባት ነገረን። የጦርነቱ ወሬ፣ የኑሮ ውድነቱ፣ የሥራ ቅነሳው ከተደራረበ ወዲህ ሁለቱም ባሰባት። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በሌላው ስልኳን ስታገላብጥ አገኛታለሁ። ጠዋት ልወጣ ጫማዬን ማሰር ስጀምር ሕመሙ ይነሳባታል። ቀርቼ አብሬያት ከዋልኩ ይሻላታል። ከወጣሁ ‹ጥለኸኝ ልትሄድ ነው› ብላ ትጮኻለች፤ ማታ ስመለስ እያለቀሰች ይቅርታ ትለምነኛለች። እውነቱን ልንገርዎት፣ እያስመሰለች ይሆን እንዴ እላለሁ። እንዲህ በማሰቤ ደግሞ ራሴን እጠላለሁ። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ከጥርጣሬህ ልጀምር። ባለቤትህን አላየኋትም፤ ስለዚህ የምነግርህ ስለ ሕመሙ አሠራር ነው። ከጻፍክልኝ ውስጥ ግን ማስመሰል ነው የሚያሰኝ ነገር አላገኘሁም። ጫማህን ስታስር በእውነት ያማታል።

ከ3 ወር በላይ የቆየ ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል። በዚህ ጊዜ ጉዳዩ ከጡንቻና ከአጥንት አልፎ የነርቭ ሥርዓቱ ጉዳይ ሆኗል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ነርቮቹ አንዴ ስለደነገጡ ትንሹን ነገር ሁሉ አደጋ ያደርጉታል። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ የሕመም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 አከርካሪ ውስጥ የሕመም መልእክት የሚያልፍበት እንደ በር ያለ ነገር እንዳለና አንጎልም ከላይ ሆኖ እንደሚከፍተውና እንደሚዘጋው ጽፈው ነበር። ዝርዝሩ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። ዋናው ሐሳብ ግን አሁንም ይሠራል። ፍርሃት፣ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት በሩን ይከፍቱታል። ለዚህ ነው ኤምአርአይ ላይ ምንም ሳይታይ ሰው በሕመም የሚንቆራጠጠው።

አሁን የስብዕናውን ነገር ጨምርበት። ቦርደርላይን ያለበት ሰው ትልቁ ፍርሃቱ መተው ነው። ሌላው ሰው «ቻው» ሲባል የሚሰማው ትንሽ ቅሬታ እሱ ላይ እንደ ጎርፍ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ አንድ ጥናት ሰዎችን የአንጎላቸውን ምስል በሚያነሳ መሣሪያ ውስጥ አስተኝቶ የኳስ ቅብብል ጨዋታ አጫወታቸው። ጨዋታው መሐል ላይ ኳስ ተከለከሉ። ያኔ የተነቃቃው የአንጎል ክፍል የአካል ሕመም ሲያስጨንቀን ከሚነቃቃው ጋር የሚገናኝ ነበር። ሁለቱ ሕመሞች አንድ ናቸው ማለት አይደለም፤ ግን ጎረቤታሞች ናቸው። ቋንቋችንስ ቢሆን «አንጀቴ ተቃጠለ»፣ «ሆዴ ባባ» የሚለው በከንቱ ነው?

ቤተሰብን በጣም የሚያደናግር አንድ ነገር ደግሞ አለ። ይህ ችግር ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ እጃቸው ቢቆረጥ ወይም ቢቃጠሉ ከሌላው ያነሰ ሕመም ይሰማቸዋል። ስለ ቆየ ሕመማቸው ግን ከሌላው አብልጠው ይናገራሉ። «ያን ጊዜ ዝም ብላ አሁን ምን ሆንኩ ትላለች?» የሚለው ጥርጣሬ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ሁለቱም እውነት ነው።

እንግዲህ ጫማው ጋ እንመለስ። ሳታውቀው የሆነ ነገር ተፈጥሯል። ሲያማት ትቀራለህ፤ ሳያማት ትሄዳለህ። እሷ አስባ ያደረገችው ነገር የለም፣ ሰውነቷ ግን ተምሯል። መፍትሔው ጨክኖ መሄድ አይደለም። አብረሃት የምትሆንበትን ጊዜ ከሕመሙ አላቀህ ከሰዓቱ ጋር እሰረው። ለምሳሌ በየቀኑ ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ ቢያማትም ባያማትም፣ ግማሽ ሰዓት ስልክ ተዘግቶ አብራችሁ ተቀመጡ። ጠዋት ደግሞ «እንደሚያምሽ አምናለሁ። 11 ሰዓት እመለሳለሁ» በላት። ሁለቱንም አረፍተ ነገር በላት፣ አንዱን አትዝለል። ከዚያ ውጣ፤ በ11 ሰዓትም ተመለስ። ከረፈደብህ ደውል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበፊቱ ይብሱ ይሆናል፤ በዚህ ሰዓት ነው ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው።

ለእንቅስቃሴም ይኸው ነው። 10 ደቂቃ መራመድ ከቻለች በጥሩውም በመጥፎውም ቀን 10 ደቂቃ። ደህና በሆነችበት ቀን ቤቱን ሁሉ አጽድታ ሦስት ቀን መተኛቷ ይቅር። የሌሊቱን ስልክ በተመለከተ፣ ክፉ ወሬው ነገም አለ፤ እንቅልፉ ግን አይመለስም። ስልኮቻችሁ ሌላ ክፍል ይደሩ። የአንተም ጭምር።

ስለ መድኃኒት አንድ ነገር አደራ እልሃለሁ። የሕመሙንም የጭንቀቱንም መድኃኒት አንድ ሐኪም ይወቀው። ጠንካራ ማስታገሻና ማረጋጊያ ሲደራረቡ ትንፋሽ እስከ ማቆም ይደርሳሉ። እግሯ ከደነዘዘ ወይም ከከዳት፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃታት፣ ትኩሳት ካላት የስሜት ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ራሷን ስለ መጉዳት ካወራች ደግሞ በቀጥታ ጠይቃት። መጠየቅህ ሐሳቡን አያመጣባትም። ብቻዋን አትተዋት፤ ድንገተኛ ክፍል ውሰዳት።

ለቦርደርላይን በደንብ የተፈተነ የንግግር ሕክምና አለ። ዲያሌክቲካል የባሕርይ ሕክምና ይባላል። የፈጠረችው አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማርሻ ሊንሃን ናት። እሷ ራሷ በወጣትነቷ በከባድ የአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ተኝታ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2011 በይፋ ተናግራለች። ሕሙማንን ለ10 ዓመት የተከታተሉ ጥናቶችም ከነሱ አብዛኞቹ ከጊዜ በኋላ የበሽታው መለኪያ ውስጥ እንደማይገቡ አሳይተዋል። ይህን የምነግርህ «ዕድሜ ልክ» የሚሉህ ሰዎች እንዳሉ ስለማውቅ ነው።

አንተም ደክመሃል። መጠርጠርህ ክፉ ሰው አያደርግህም፤ 4 ዓመት ያለ በቂ እንቅልፍ ነው የኖርከው። የምታናግረው ሰው ፈልግ። እሷ ፊት ሳይሆን ለብቻህ።

ይህን ሁሉ ለእሷ የምትነግርበትን ሰዓት ግን አስብበት። ሕመሙ ጋብ ሲልላት፣ ቁጭ ብላችሁ ይሁን። በር ላይ፣ አንድ ጫማ እግርህ ላይ እያለ አትጀምረው።