አባ ቡላ፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ፣ አባወራ፦ «አባ» አንድ ቃል ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። መነኩሴውን «አባ»፣ የቤቱን ራስ «አባወራ» እንላለን። የንጉሥ ሚካኤልን አባት ደግሞ ታሪክ «ኢማም አሊ አባ ቡላ» ይላቸዋል። ኢማም ሆነው ሳለ የመነኩሴ መጠሪያ ከየት አገኙ? አንድ ወዳጄ ቃሉ ዕብራይስጥ ነው እያለ ይሞግተኛል። አባወራስ ከወሬ ጋር ይዛመዳል?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። አባወራ ከወሬ ጋር ዝምድና የለውም፤ ወሬ የሚወድ አባወራ ባይጠፋም። «ወራ» በኦሮምኛ ቤተሰብ፣ ወገን ማለት ነው። «አባ ወራ» የቤተሰቡ ራስ ነው፤ አማርኛም እንዳለ ተቀብሎታል። ለወሎ ሰው ይህን ለማስረዳት መዝገበ ቃላት መግለጥ አያስፈልግም፤ የመንገድ ዳር ታፔላ ይበቃል። ወረኢሉ፣ ወረባቦ፣ ወረሂመኖ በሚሉት ስሞች ፊት የቆመው «ወረ» ያው ወራ ነው፤ የኢሉ ወገን፣ የባቦ ወገን እንደ ማለት።

«አባ»ም በኦሮምኛ ከአባትነት አልፎ ባለቤትን ያመለክታል። «አባ ፈርዳ» ባለ ፈረሱ፣ «አባ ለፋ» ባለ መሬቱ ነው። የፈረስ ስሞቻችንን የምፈታው በዚህ ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ሲባሉ ፈረስ ወለዱ ለማለት አይደለም፤ የታጠቅ ጌታ፣ የበዝብዝ ጌታ፣ የዳኘው ጌታ ለማለት ነው። ቡላም እንደ ዳማና እንደ ቦራ የፈረስ መልክ ነው። ስለዚህ ኢማሙ ከመነኩሴ የወሰዱት ነገር የለም፤ ስማቸው የፈረሰኛ ስም ነው።

የመነኩሴው «አባ» የገባው በሌላ በር ነው። ቃሉ የአረማይክ ነው። በማርቆስ ወንጌል 14፥36 ክርስቶስ በጌቴሴማኒ ሲጸልይ «አባ አባት ሆይ» ይላል። ጸሐፊው የአረማይኩን ቃል እንዳለ ትቶ ትርጉሙን ከጎኑ ስላስቀመጠ ነው አንድ ነገር ሁለት ጊዜ የተጠራው። ከዚያ ቃሉ የመነኮሳት ማዕረግ ሆነ። ወደ ምዕራብ በግሪክኛና በላቲን ተጉዞ በእንግሊዝኛ የገዳም አለቃ መጠሪያ የሆነውን «አቦት»ን ወለደ፤ በእኛ ዘንድ ከግዕዙ «አብ» እና «አቡነ» አጠገብ ተቀመጠ። በ13ኛው መቶ ዘመን ሐይቅ እስጢፋኖስን ያቀኑት አባ ኢየሱስ ሞዓ የሚጠሩት በዚህኛው ነው። ወዳጅዎ ለጥቂት ስተዋል፤ የዕብራይስጡ የራሱ ቃል «አቭ» ነው፤ ዛሬ የእስራኤል ልጆች አባታቸውን የሚጠሩበት «አባ» ከአረማይክ የተወሰደ ነው።

ሁለቱ በሮች ወደ አንድ ቤት ያስገባሉ ወይ ቢሉኝ እጠነቀቃለሁ። ኦሮምኛና አፋርኛ ኩሻዊ፣ ግዕዝና አረማይክ ሴማዊ ናቸው፤ ሁሉም ከአፍሮ እስያዊ ግንድ ይወጣሉ። በባቲ የሰኞ ገበያ የሚገናኙት አፋሩም ኦሮሞውም አባታቸውን «አባ» ይላሉ። ዳሩ ግን ዝምድና የሌላቸው ኮርያውያንና ሀንጋሪዎችም «አፓ» ይላሉ። የቋንቋ ሊቁ ሮማን ያኮብሰን እንዳስረዳው፣ ሕፃን ቀድሞ የሚቀናው በከንፈር የሚወጣ ድምፅ ነው፤ ወላጅ ደግሞ ያንን ድምፅ ለራሱ ይወስደዋል። በጆርጂያ ቋንቋማ «ማማ» የሚባለው አባት ነው! እንዲህ ባለ ቃል ብቻ የዘር ሐረግ መቁጠር አያዋጣም። (የስዊድኖቹ ዘፋኞች «አባ» ከነጭራሹ ሌላ ነው፤ የ4ቱ አባላት ስም መነሻ ፊደላት ነው።)

ለመለየት ከፈለጉ በ«አባ» ቦታ «ባለ»ን ይተኩ። «ባለ ቡላ» ያስኬዳል፤ «ባለ ኢየሱስ ሞዓ» አያስኬድም። አባወራን አንድ ላይ፣ የመነኩሴውንና የፈረሱን ነጥለው ይጻፉ።

«እማወራ»ን አልጠየቁኝም፣ ግን ልጨምርልዎ፤ ኦሮምኛው «ሀደ ወራ» ነው። አማርኛ እናቲቱን ከራሱ «እማ» ወስዶ ወራውን ብቻ ተበደረ።