የምታስጠኚያቸው ልጆች እናት ገንዘብ ሲጠይቁሽ

ከኪስሽ አትስጪ። ግን ዝም ብለሽም አትለፊው። በበጎ ፈቃድ የምታስጠኚያቸው ልጆች እናት «የቤት ኪራይ ጎደለብኝ» ሲሉሽ ምን ልበል ነው ያልሽው። እንዲህ በያቸው፦ «እኔ ገንዘብ መስጠት አይፈቀድልኝም፤ ከፈለጉ ግን ለአስተባባሪዬ ልንገርልዎት።» እሺ ካሉሽ፦

1. በዚያው ቀን ለአስተባባሪሽ ንገሪ። በአጭሩም ጻፊው፦ ምን ጠየቁ፣ ምን መለስሽ፣ ኪራዩ የሚከፈለው መቼ ነው።
2. ድርጅቱ ማኅበራዊ ሠራተኛ ወይም የአስቸኳይ ጊዜ ድጋፍ እንዳለው ጠይቂ። ከሌለው ወደ ማን እንደሚልካቸው እወቂ።
3. መልሱን አድርሺላቸው፣ «አልተቻለም» ቢሆን እንኳ።

ነገሩ ጭካኔ ይመስላል፣ አውቃለሁ። ግን አንዴ ከሰጠሽ አስጠኚነትሽ ቀርቶ አበዳሪ ትሆኛለሽ። መመለስ ሲያቅታቸው ያፍሩሻል፤ ልጆቹን መላክም ሊተዉ ይችላሉ። ጎረቤት ከሰማ ደግሞ «ለእሷ ሰጥታ ለእኔ?» ይመጣል፤ ጣጣው ከአንቺ በኋላ ለሚመጣው አስጠኚም ይተርፋል። ብዙ ድርጅቶች በሥነ ምግባር ደንባቸው የሚከለክሉት ለዚህ ነው። ስትገቢ የፈረምሽውን ወረቀት እስቲ ገልጠሽ እዪው (ማንም አያነበውም መቼም)።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ «እስቲ እናያለን» እንዳትዪ። አንቺ በይሉኝታ ያልሽው ለእሳቸው ቃል ነው። አብሮኝ ያገለግል የነበረ ልጅ እንዲህ ብሎ፣ ሴትዮዋ ሌላ ቦታ መጠየቃቸውን ትተው እሱን ሲጠብቁ የመክፈያው ቀን አለፈባቸው።