ለወጣት የህትመት ሠዓሊዎች፦ ከጎያ የመዳብ ሰሌዳ ምን ትማራላችሁ?

ልጆች፣ የስፔኑን ሠዓሊ ፍራንሲስኮ ጎያን በቅባት ቀለም ሥዕሎቹ ታውቁታላችሁ። እኔ ግን ህትመቶቹን ጠጋ ብላችሁ እንድታዩ እመክራችኋለሁ።

«ካፕሪቾስ» የተባሉትን 80 ህትመቶች በ1799 እ.ኤ.አ. ማድሪድ ውስጥ፣ ሽቶና መጠጥ በሚሸጥበት ሱቅ፣ በ320 ሪያል ለገበያ አቀረበ። ገበያው አልቀናውም። በ1803 ሰሌዳዎቹን ካልተሸጡት 240 ስብስቦች ጋር ለንጉሡ ሰጠና ለልጁ ጡረታ አስቆረጠለት። ክፉ ስምምነት አልነበረም።

ከስብስቡ 32ኛውን፣ እስር ቤት የተቀመጠችውን ሴት ተመልከቱ። አንድም የመርፌ መስመር የለበትም፤ ሁሉም አኳቲንት፣ ማለትም በመስመር ሳይሆን በሙጫ ብናኝና በአሲድ ጥላ የሚሰጥበት የህትመት ዘዴ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የተፈጨ ደረቅ ሙጫ ቅባቱ በደንብ በጸዳ መዳብ ላይ ይነሰነስና ሰሌዳው ከሥር ይሞቃል። አሲዱ በሙጫው ቅንጣቶች መካከል ገብቶ መዳቡን ይበላል፤ ቀለም የሚይዙት እነዚያ ጉድጓዶች ናቸው። ሙቀቱ ካነሰ ሙጫው አሲድ ውስጥ ይለቃል። ከበዛ ደግሞ ቀልጦ ይያያዝና አሲድ አያስገባም፤ ቦታው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ነጩ ብናኝ ጠራ ሲል ወዲያው ከእሳቱ አንሱት። ነጭ የሚቀረውን በቫርኒሽ ሸፍናችሁ ለአጭር ጊዜ አሲድ ውስጥ ክተቱ፤ አጥባችሁ ግራጫውን ሸፍኑ፤ ጥቁሩ እስኪጠልቅ መልሱት። ብናኙ ሳንባ ይጎዳል፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። አሲድ ስታቀጥኑም አሲዱን ወደ ውኃ እንጂ ውኃን ወደ አሲድ አታፍስሱ።

አኳቲንት ቶሎ ያልቃል። በየህትመቱ ትርፉ ቀለም የሚጠረግበት ጨርቅ ይፈትገዋል፣ ማተሚያው ይጫነዋል፤ መጀመሪያ የሚጠፉት ያልጠለቁት ጉድጓዶች ናቸው። የኋለኞቹ የ«ካፕሪቾስ» እትሞች የደበዘዙት በዚህ ነው። ስንት ቅጂ እንደምታትሙ ሰሌዳውን ሳትጀምሩ ወስኑ።

«የጦርነት መከራዎች» የሚባሉትን ሰሌዳዎች ከ1810 ጀምሮ ሲሠራ መዳብ አጥሮት ነበር፤ የቀድሞ የመልክዓ ምድር ሰሌዳዎቹን ቆርጦ ጀርባቸውን ተጠቀመ። በሕይወቱ ሳያሳትማቸው በ1828 ቦርዶ ላይ አረፈ። የማድሪዱ የሳን ፈርናንዶ የሥነ ጥበብ አካዳሚ በ1863 ሲያትማቸው ሠራተኞቹ ሰሌዳው ላይ ስስ ቀለም እየተዉ ስለጠረጉት ብርሃኑ ታፈነ። ጎያ ራሱ ያወጣቸው የሙከራ ህትመቶች ግን ጥርት ያሉ ናቸው፤ ለወዳጁ ለሴያን ቤርሙዴስ የሰጠው ስብስብ ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታዩ ሰማዩን አስተያዩ፤ ልዩነቱ ቶሎ የሚታየው ባዶ በተተወው ቦታ ላይ ነው።