ሐረጎ ላይ ድርግም የምትል ኮሮላ

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1990 የተሠራች ኮሮላ አለችኝ። በሐረጎ ቁልቁለት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ፣ በተለይ ጉድጓድ ሲያጋጥመኝ፣ ሞተሩ ድንገት ይጠፋል፤ ዳሽቦርዱም አብሮ ይጨልማል። ቁልፉን ስነካካው ይመለሳል። ባትሪም ዲናሞም ተቀይሯል፣ ለውጥ የለም። ጋራዥ ስወስዳት ደግሞ ደኅና ናት። ምን ላድርግ? (መምህር ነኝ፣ ከሐይቅ)

መልስ፦ መምህር፣ ጥፋቱ እጅ ከፍንጅ እስኪያዝ ድረስ አንድም ዕቃ እንዳይገዙ። ባትሪውና ዲናሞው የተቀየሩት ተመርምረው ሳይሆን ተጠርጥረው ይመስላል። ጋራዥ ደርሳ ደኅና መሆኗም አይግረምዎ፤ ጋራዥ ውስጥ ሐረጎ የለም።

ከጻፉልኝ ሁሉ ትልቁ ፍንጭ የዳሽቦርዱ መጨለም ነው። ሞተር የጠፋው ቤንዚን ወይም የካንዴላ እሳት አጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ቁልፉ እስካልተዘጋ ድረስ የዘይትና የባትሪ ቀይ መብራቶች ወዲያው ይበሩ ነበር። የእርስዎ ዳሽቦርድ ግን ጭራሽ ይጨልማል። ስለዚህ የሚቋረጠው ቦቢናውንና (ለካንዴላ እሳት የሚያመነጨውን ዕቃ) ዳሽቦርዱን በጋራ የሚመግበው መስመር ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል «ሙቀቱ ነው» የሚልዎት አይጠፋም። ሙቀት ቦቢናን ሊያሳምም ይችላል፤ የታመመ ቦቢና ግን ዳሽቦርድን አያጨልምም።

መጀመሪያ በእጅ የሚታየውን ይጨርሱ። የባትሪው ተርሚናል በእጅ ሲወዘወዝ ከተነቃነቀ ወይም ነጭና አረንጓዴ ዝገት ከያዘ፣ ኔጋቲቩን አስቀድመው ይፍቱ፣ በሙቅ ውኃ ይጠቡ፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉና አጥብቀው ይሰሩ። ሲመልሱ ኔጋቲቩ የመጨረሻው ይሁን።

ቀጥሎ መኪናዋ ቆማ ሞተሩ እየሠራ ቁልፉን ሳያዞሩ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ይወዝውዙት። ለመሆኑ አብሮት ምን ተንጠልጥሏል? የቤቱ፣ የግቢው በር፣ የቢሮው መሳቢያ ቁልፍ በአንድ ቀለበት ከሆነ፣ ያ ሁሉ ክብደት በየጉድጓዱ እየዘለለ ያረጀውን ማብሪያ፣ ማለትም ቁልፉ ሲዞር መብራቱን የሚያገናኘውን ክፍል፣ ይጎትተዋል። ለጥቂት ቀን የመኪናዋን ቁልፍ ብቻውን ይዘው ይንዱ። «ስነካካው ይመለሳል» ያሉት ከዚህ ጋር ስለሚገጥም፣ እኔ ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው ማብሪያውን ነው።

ጥርጣሬ ግን ማስረጃ አይደለም። ሁለት ባለ 5 ዋት የመኪና አምፖሎች ያዘጋጁ፤ የሁለቱም አንድ ጫፍ ከቦዲው ጋር ይታሰር። የአንደኛው ሌላ ጫፍ ከባትሪ ወደ ቁልፉ ማብሪያ በሚገባው ሽቦ ላይ፣ የሁለተኛው ደግሞ ከማብሪያው ወጥቶ ወደ ቦቢናው በሚሄደው ላይ ይያያዝ። ለእያንዳንዳቸው ትንሽ ፊውዝ ያስገቡላቸው። አጠገብዎ የሚቀመጥ ሰው እንዲያያቸው ዳሽቦርዱ ላይ በናስትሮ ይለጥፏቸውና ወደ ሐረጎ ይውረዱ። ሞተሩ ሲጠፋ የመጀመሪያው በርቶ ሁለተኛው ከጠፋ፣ ጥፋቱ የማብሪያው ነው። ሁለቱም ከጠፉ ከማብሪያው በፊት ነው፦ ዋናው ፊውዝ፣ የባትሪው ተርሚናል ወይም በመካከል ያለ መጋጠሚያ። ሁለቱም እየበሩ ዳሽቦርዱ ከጨለመ ከማብሪያው በኋላ ይፈለግ። እዚያ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሬዲዮ ወይም አላርም ሲገጠም ተልጦ፣ ተጠማዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለ ሽቦ ነው። ናስትሮው ሙቀት ሲነካው ሙጫው ይለቃል፣ ሽቦው ይላላል፤ በብየዳ ወይም በማያያዣ መሠራት ነበረበት። ሙከራው ሲያልቅ አምፖሎቹን ይንቀሏቸው፤ የመጀመሪያው ቁልፍ ቢዘጋም ስለሚበራ ባትሪ ይጨርሳል።

በባትሪው ላይ ቴስተር ቢያደርጉ 12.6 ቮልት ሊያነቡ ይችላሉ፤ ያ የባትሪውን መሙላት እንጂ የመስመሩን ጤንነት አይናገርም። ፊውዝ በሽቦ ወይም በሲጋራ ወረቀት ለመተካት የሚሞክር ካለ ደግሞ እጁን ይያዙት፤ በዚያ ምክንያት መኪና ይቃጠላል።

ቁልቁለት ላይ ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑ ይከብዳል እንጂ አይጠፋም፤ ደጋግመው ሳይረግጡ አንዴ አጥብቀው ይርገጡት። ቁልፉን ግን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ አያዙሩ፤ መሪው ሊቆለፍ ይችላል።

ጥፋቱ ማብሪያው ሆኖ ከተገኘ ቁልፍ ሁሉ ይቀየር የሚልዎትን አይስሙ። በአብዛኞቹ የዚያ ዘመን መኪኖች ከቁልፉ ጀርባ ያለው የኤሌክትሪክ ክፍል ለብቻው ይፈታል፤ ቁልፉ የቀድሞው ይሆናል። ሲፈታ ኔጋቲቩ ከባትሪው ይለቀቅ፣ የሽቦዎቹ ቀለምና ቦታ አስቀድሞ በስልክ ፎቶ ይነሣ።