ዘንድሮ አበባው ምን ነካው?

በዚህ ሰሞን ከደረሱን ጥያቄዎች ግማሹ ስለ አበባ ነው። ሁሉም የሚለው አንድ ነው፣ ዘንድሮ የዱር አበባው በዛ፣ ጓሮውም ጫካውም ሞላ፣ ምን ተገኘ? ስለዚህ ሌላውን ለሌላ ጊዜ አቆይተን ዛሬ አበባ በአበባ እንሁን።

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጓሮዬ ጥግ ላይ ምንም የማልሰራበት ቦታ አለ፣ አምና ከሣር በቀር ምንም አልነበረበትም፣ ሣሩም በድርቁ አልቆ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ነበር። ዘንድሮ ግን ቢጫ በሉት ሐምራዊ በሉት ነጭ በሉት፣ ስማቸውን እንኳን የማላውቃቸው አበቦች ግጥም ብለውበታል። እኔ አልዘራሁም፣ ጎረቤቶቼም አልዘሩም። ከየት መጡ? ለከርሞስ እንዲህ ይሆናል ብዬ ልጠብቅ? (ግራ የገባት ባለ ጓሮ)

መልስ፦ ሰላም እህታችን፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። አበቦቹ ከየትም አልመጡም፣ አብዛኞቹ እዚያው ነበሩ። ላይኛው ጥቂት ሴንቲሜትር አፈር ውስጥ ባለፉት ዓመታት የወደቀ ዘር ተኝቶ ይቆያል፣ ባለሙያዎቹ የአፈር የዘር ባንክ ይሉታል። ስንት ጊዜ ይቆያል ካልሽ ነገሩ ጉድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ዊሊያም ጄምስ ቢል የሚባል የእፅዋት ተመራማሪ አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ 20 ጠርሙስ በአሸዋና በአረም ዘር ሞልቶ ቀበረ፣ ከዚያ ወዲህ እሱም ተተኪዎቹም በየተወሰነ ዓመቱ አንድ አንድ እያወጡ ይዘሩታል። በ2021 አንዱን ሲያወጡ ከ142 ዓመት በኋላ የቀጠጢና ዘመድ የሆነ ተክል በቀለላቸው! የመጨረሻው ጠርሙስ የሚወጣው በ2100 ነው፣ እኛ አንደርስበትም እንጂ።

እነዚህ ሰዎች ታዲያ ጠርሙሱን የሚያወጡት በሌሊት ነው። ለምን ብትይ፣ ብዙ ጥቃቅን ዘር የሚነቃው ብርሃን ሲነካው ስለሆነ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ሣር ስር ወይ አፈር ውስጥ ጠልቆ ያለ ዘር እርጥበት ቢያገኝም ቶሎ አይነሳም፣ ገና ትንሽ ስለሆነ ስንቁ ላይኛው አፈር ድረስ እንኳን ላያደርሰው ይችላላ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ፍላንደርስ የሚባለው የቤልጂየም አካባቢ በቀይ የፖፒ አበባ የተሞላው ሰው ዘርቶት አይደለም፣ መድፉና ምሽጉ መሬቱን ስለገለበጠው ተኝቶ የነበረው ዘር ብርሃን አግኝቶ ነው። አንቺ ጋ ደግሞ መሬቱን ያዘጋጀልሽ ድርቁ ነው። ሣሩ ሞተ፣ መሬቱ ተገለጠ፣ ተሰነጠቀ፣ ዝናቡ በሰዓቱ መጣ፣ በቃ። ሰው ሁሉ የዘንድሮን ዝናብ ብቻ ነው የሚያመሰግነው፣ እኔ ግን ለእንዲህ ያለ ዓመት ግማሹን ምስጋና ለአምናው መጥፎ ዓመት ነው የምሰጠው።

ዝናቡም ቢሆን መጠኑ ይወስናል። በረሃ ላይ የሚበቅሉ አንዳንድ ዘሮች ልጣጫቸው ላይ ብቅለት የሚያግድ ኬሚካል አላቸው፣ ጠብ ጠብ ያለች ዝናብ አታጥበውም፣ ደህና ዝናብ ሲመጣ ነው የሚለቀው፣ ማለትም ዘሩ እንዳይታለል ዝናቡን ይለካል ማለት ነው። ካሊፎርኒያ ዴዝ ቫሊ ውስጥ በ2005 እና በ2016፣ ቺሊ አታካማ በረሃ ውስጥ ደግሞ በ2015 ያ ሁሉ አበባ ድንገት የወጣው ለዚህ ነው፣ ዘሩ ለዓመታት እዚያው አሸዋ ውስጥ ነበር።

ለከርሞ ላልሽው፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ይሄን ያህል ላይሆን ይችላል። ሣሩ ካገገመ ቦታውን መልሶ ይይዘዋል፣ እንደ አደይ ያሉት በአንድ ዓመት በቅለው አብበው ዘርተው የሚሞቱት ደግሞ ባዶ መሬት ካላገኙ ይቀንሳሉ። ግን አያልቁም፣ ዘሩ ሁሉ በአንድ ዓመት አይበቅልምና። መሬትሽ ውስጥ ምን እንዳለ ማየት ከፈለግሽ አበባው ዘሩን ከጣለ በኋላ ከላይ 5 ሴንቲሜትር ያህል አፈር ዝገኚና ጠፍጣፋ ትሪ ላይ ስስ አድርገሽ በትኚው፣ ብርሃን ያለበት ቦታ አስቀምጠሽ እንዳይደርቅ ውሃ ርጪበት። በሳምንታት ውስጥ መጀመሪያ ሁሉም አንድ የሚመስሉ ባለ ሁለት ቅጠል ክር መሳይ ቡቃያዎች ይወጣሉ፣ ሦስተኛውና አራተኛው ቅጠል ሲመጣ ነው መልካቸው የሚለየው። ትዕግስት ይጠይቃል ግን ደስ ይላል። ምናልባት የተወሰኑት የሚነቁት ቅዝቃዜ ካገኙ በኋላ ነው፣ ስለዚህ ትሪውን ቶሎ አትድፊው።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ጫካ ውስጥ በእግር መሄድ የምወድ ሰው ነኝ። ዘንድሮ ዛፎቹ ስር ያለው አበባ ከሌላው ዓመት እጥፍ ነው ብል አላጋነንኩም። ከሥራቸው ሽንኩርት የመሰለ ራስ ያላቸውን ጥቂት ቆፍሬ ቤቴ ልትከል አስቤያለሁ፣ መቼም ይሄ ሁሉ እያለ ምንም አይጎድልም አይደል?

መልስ፦ ኧረ ወንድሜ ተው! የጫካው ነገር ከጓሮው በጣም ይለያል። ጓሮ ላይ የምናየው ባብዛኛው የአንድ ዓመት ዕድሜ ያለው ነው፣ ጫካ ውስጥ ዛፍ ስር ያሉት ግን ብዙዎቹ ሽማግሌዎች ናቸው። የእንግሊዝ ጫካዎችን ሰማያዊ የምታደርጋቸው ብሉቤል ከዘር ተነስታ እስክታብብ 5 ዓመት አካባቢ ይፈጅባታል፣ የሰሜን አሜሪካዋ ትሪሊየም 7 ዓመትና ከዚያም በላይ። ስለዚህ አንተ ዘንድሮ ያየኸው ብዛት ዘንድሮ የተፈጠረ አይደለም፣ ተክሎቹ ቅጠላቸውን ብቻ እያወጡ ለዓመታት ነበሩ፣ አንተ አበባ ስለሌላቸው አላየሃቸውም። ባለ ራሶቹ ደግሞ የዘንድሮን እምቡጥ ከመሬት በታች የሚያዘጋጁት አምና ባጠራቀሙት ነው፣ አምና ደህና ብርሃንና ውሃ ካገኙ ዘንድሮ ያብባሉ። አንድ ትልቅ ዛፍ ወድቆ ብርሃን ከገባ ደግሞ ጥቂት ዓመት ቆይቶ እዚያ ቦታ ላይ ለውጡን ታየዋለህ። የዛፎቹ ቅጠል ዘግይቶ የሚወጣ ከሆነም ከስር ያሉት ፀሐይ የሚያገኙበት ጊዜ ይረዝማል።

ከዚህም የባሰ አለ። ደቡብ ህንድ ተራሮች ላይ ኒላኩሪንጂ የምትባለው በ12 ዓመት አንዴ ነው የምታብበው፣ ያውም ሁሉም ባንድ ላይ፣ በ2018 ነበር፣ ቀጣዩ 2030 መሆኑ ነው። ያን ዓመት ብቻ ያየ ሰው ተራራው ሁሌ ሰማያዊ ይመስለዋል።

እና አንዷን ስትነቅል የስንት ዓመት ሥራ እንደሆነ አስበው። ብዙ ጊዜም ቤት ስትወስዳት አትይዝም፣ ጥላውም አፈሩም ሌላ ነው። በብዙ አገር ሕጉም አይፈቅድም፣ ለምሳሌ ብሪታንያ ውስጥ ያለ ባለመሬቱ ፈቃድ የዱር ተክል ከነሥሩ መንቀል በ1981 በወጣ ሕግ ክልክል ነው። ከፈለግክ ከሚያራቡ ሰዎች ግዛ። ይልቅ ጫካው ውስጥ ቁጭ በልና ዘሩን እየው። እንደ ቫዮሌት ያሉት ዘራቸው ጫፍ ላይ ነጭ፣ ቅባት ያላት ጉብታ አለች፣ ጉንዳን እሷን ብሎ ዘሩን ተሸክሞ ይሄዳል፣ ጎጆው ገብቶ ጉብታዋን በልቶ ዘሩን ቆሻሻ የሚጥልበት ቦታ ይወረውረዋል፣ እዚያ ደግሞ አፈሩ ለም ነው። በዚህ ፍጥነት ነው እንግዲህ ጫካው በአበባ የሚሞላው፣ በጉንዳን እርምጃ!

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጓሮው አረም ሆነ፣ በማሽን እንጨደውና ማዳበሪያ እንጣልበት፣ ለከርሞ የበለጠ ያብባል ይላል። እኔ ደግሞ ይቆይ ባይ ነኝ። አስታርቁን።

መልስ፦ ማስታረቁ ይቅርብን፣ እርስዎ ልክ ነዎት። ማዳበሪያው የሚጠቅመው ሣሩን ነው። እንግሊዝ ሮተምስቴድ ውስጥ ከ1856 ጀምሮ እስካሁን የሚካሄድ የሣር መሬት ሙከራ አለ፣ ምንም ያልተደረገላቸው መደቦች ላይ ከ30 በላይ ዝርያ ሲገኝ ናይትሮጅን ያለበት ማዳበሪያ በብዛት የሚጣልባቸው ላይ ጥቂት ሣሮች ሌላውን ሁሉ ውጠውታል። የዱር አበባ ድሃ አፈር ይወዳል። ማጨዱ ግን ክፋት የለውም፣ ጊዜው ነው ዋናው፣ አበባው ረግፎ ፍሬው ቡናማ ሆኖ ሲነካ የሚንኮሻኮሽ እስኪሆን ይጠብቁ፣ ከዚያ ይታጨድ፣ የታጨደው ዘሩን እንዲጥል ሁለት ሦስት ቀን እዚያው ይቆይና ይነሳ፣ እዚያው ከበሰበሰ መልሶ ማዳበሪያ ሆነ ማለት ነው። ለአባወራው ደስ እንዲለው የመሄጃውን ዳር ዳር አሁኑኑ ቢያጭድ አንቃወምም።

ጥያቄ፦ አበባው ሲበዛ የአየር ንብረት ለውጥ ነው ይላሉ፣ እውነት ነው?

መልስ፦ መብዛትና መቅደም አይምታታብን። ቀድሞ ማበብ ላይ ማስረጃው ጠንካራ ነው፣ ጃፓን ኪዮቶ ላይ የቼሪ አበባ መቼ እንደሚፈካ ከ1,200 ዓመት በፊት ጀምሮ የተመዘገበ አለ፣ በ2021 ማርች 26 ላይ ሲፈካ በዚያ ሁሉ መዝገብ ውስጥ እንደዚያ ቀድሞ አያውቅም ነበር። ብዛቱ ግን ከዓመት ዓመት ከፍ ዝቅ ማለቱ የድሮም ነው፣ ባንድ ዓመት ምንም ማለት አይቻልም። በትክክል ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ቦታ በእንጨት ይከልልና በየዓመቱ በዚያው ሳምንት ይቁጠር፣ በስልክ ፎቶ ማወዳደር አይሆንም፣ ሁላችንም ፎቶ የምናነሳው ያማረበትን ጥግ ነው።

ጥያቄ፦ ከአበባው ጋር ማስነጠሱ በዛብኝ፣ ልንቀለው?

መልስ፦ ከመንቀልዎ በፊት ሣሩንና ዛፉን ይጠርጥሩ። ቀለማቸው ደማቅ የሆኑት አበቦች ፖለናቸው (የአበባ ዱቄታቸው) ከባድና የሚጣበቅ ነው፣ ንብና ሌሎች ነፍሳት ናቸው የሚያመላልሱት። አፍንጫ ውስጥ የሚገባው በነፋስ የሚሄደው ነው፣ እሱ ደግሞ የሚመጣው አበባቸው ለዓይን እንኳን ከማይሞሉ ሣሮችና ዛፎች ነው። ዝናብ በቸረው ዓመት ሣሩም አብሮ ይበዛል። ማስነጠሱ ካልተወዎት ወይም ደረትዎን ካፈነዎት ሐኪም ይዩ።